ጥልፉ እንዳይነቀል! የአያቷን ቀሚስ ለያዘች ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ ከሳጥናቸው ውስጥ አንድ የፈትል ቀሚስ አገኘን። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ድረስና እጅጌው ጫፍ ላይ ጥልፍ አለው። አንዳንድ ቦታ ክሩ ተፈትቷል፤ አንገቱ ጋ ቢጫ ሆኗል። አንድ ልብስ ሰፊ ‹የማሽን ሥራ ነው፤ ነቅዬ በኮምፒውተር አዲስ ጥልፍ ልሥራልሽ› አለኝ። እውነት የማሽን ነው? ላሳጥበው? እንዲህ ያለውን ሥራ የሚችል ሰውስ አሁን አለ? እኔም ብማር ደስ ይለኛል።»

አብሽሪ፣ እንደገለጽሽው ከሆነ ቀሚሱ የሚተርፍ ይመስለኛል። ግን ከሁሉ በፊት ልብስ ሰፊውን «ይቅርብኝ» በይው። ሰውየው በክፋት ያለሽ አይመስለኝም። ደንበኛ ሲመጣ ማደስ ሥራው ነው። ነገር ግን ያረጀ ፈትል ጥልፉ ሲነቀልበት መርፌ የገባበት ቦታ ሁሉ ላልቶ ይቀራል። የኮምፒውተሩ መርፌ ደግሞ በደቂቃ እስከ 1,000 ጊዜ ይወጋል። ጨርቁ እንዳይሸበሸብም ከጀርባው ማጠንከሪያ ይደረግበታል። አዲስ የመነን ጨርቅ ይህን ይችለዋል። የአያትሽ ፈትል ግን አይችለውም፤ በአንድ በዓል ለብሰሽው በሚቀጥለው ዳር ዳሩን መቀደድ ይጀምራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የእጅ ነው የማሽን?

ፊቱን ተይውና ገልብጪው። ጥልፍ ፊቱ ላይ ያስመስላል፤ ጀርባው ላይ ማስመሰል ይከብደዋል። በመስኮት ብርሃን፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ እይው።

የተለመደው የስፌት ማሽን በሁለት ክር ነው የሚሠራው። አንዱ ከላይ በመርፌው ይመጣል፤ ሌላው ከታች ካለችው ትንሽ ማጠንጠኛ ይወጣል። ጠላፊው የላይኛውን ክር ቀይ፣ አረንጓዴ እያለ ይቀያይራል እንጂ የታችኛውን ለመቀየር ብዙ ጊዜ አይደክምም። ስለዚህ ፊቱ ቀይ የሆነ አበባ ጀርባው ላይ ነጭ ወይም ነጠብጣብ ሆኖ ካገኘሽው ማሽን ነው። የእጅ ጥልፍ በአንድ ክር ስለሚሠራ ፊቱ ቀይ ከሆነ ጀርባውም ቀይ ነው። ክሩ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ሲሻገር በጀርባ በኩል የተጋደመ መንገድ ይተዋል። መጀመሪያውና መጨረሻው ጋ ትንሽ ቋጠሮ ወይም በሌላው ስፌት ሥር የተሸጎጠ ጫፍ ታገኛለሽ። ቋጠሮዎቹ በየአጭር ርቀቱ እየተደጋገሙ ከመጡ በደንብ እመኚ፤ እጅ የሚስበው የክንድ ያህል ክር ቶሎ ያልቃልና።

አንድ የሚያደናግር አለ፤ የሰንሰለት ስፌት። ፊቱ ላይ ቀለበት ከቀለበት ውስጥ እየወጣ ይሄዳል፤ ጀርባው ተራ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። በእጅም ይሠራል፣ ሰንሰለት በሚሰፋ ማሽንም ይሠራል፤ በሁለቱም አንድ ክር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የጀርባው ቀለም አይረዳሽም። እዚህ ላይ የተፈታውን ቦታ እይው። የማሽኑ ሰንሰለት አንዴ ጫፉ ከተለቀቀ እንደ ስኳር ማዳበሪያ አፍ ነው፤ አንዱን ክር ስትስቢው እስከ ዳር ይተረተራል። የእጁ ግን ክሩ ካለቀበት ቋጠሮ ላይ ይቆማል። (በስመ አላህ! ለመሞከር ብለሽ እንዳትስቢ። የተፈታው ቦታ የት እንደቆመ ማየት ይበቃል።)

ማሽን ሆኖ ቢገኝም ቅር አይበልሽ። የእግር ማሽን ጥልፍና የኮምፒውተር ጥልፍ አንድ አይደሉም። በሲንጀር የሚጠልፍ ሰው ጨርቁን በክብ ማወጠሪያ ወጥሮ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ በሁለት እጁ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ያሽከረክረዋል። እርሳስ ቆሞ ወረቀቱ የሚሳልበት ዓይነት ነገር ነው። ያንን የሚችል እጅ ዛሬ ደሴ ውስጥ ፒያሳን ዞረሽ ብትፈልጊ በቀላሉ አታገኚም። መለያውም ቀላል ነው፦ በእግር ማሽን የተጠለፉ ሁለት አበቦች በፍጹም አንድ ዓይነት አይሆኑም። የኮምፒውተሮቹ ግን እስከ መጨረሻዋ ስፌት መንታ ናቸው። ስለዚህ አያትሽ ያስጠለፉት በእግር ማሽን ከሆነ እሱም የእጅ ሥራ ነው እላለሁ። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

ዕድሜውን ለመገመት ክሩ ይረዳል። ራሱ የወደቀ የክር ብጣሽ ካለ የጥፍር ያህል ወስደሽ በወረንጦ ያዢና ክብሪት አስጠጊው። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና ጥቁር፣ በጣት የሚፈርስ ዐመድ ከተወ ሐር ነው። እንደ ወረቀት ከነደደና ቀላል ግራጫ ዐመድ ከሆነ ጥጥ ወይም ሬዮን ነው። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ፖሊስተር ወይም ሌላ የፋብሪካ ክር ነው፤ ያ ከሆነ ጥልፉ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ቀሚሱና ጥልፉ የግድ እኩያ አይደሉም። ጥሩ ፈትል ዝም ብሎ አይጣልም፤ እናት የለበሰችውን ልጅ አስጠልፋ ትለብሰዋለች።

ሌላም ነገር እይ። አበባው ሁሉ ደህና ሆኖ ጥቁሩ ወይም ቡናማው መስመር ብቻ ጠፍቶ የመርፌ ቀዳዳው ብቻ የቀረበት ቦታ አለ? ብዙ ሰው አይጥ በላው ይላል። አይጥ ቀለም አይመርጥም። ድሮ ጥቁር ቀለም በብረት ይያዝ ነበር፤ ብረቱ ደግሞ ቀስ እያለ ክሩን ራሱን ይበላዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘሽ በጣም ደስ ይበልሽ፤ የዕድሜ ምልክት ነው። አዲስ ጥቁር ክር አታስገቢበት።

«የወሎ ጥልፍ ነው?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሰው ይጠይቅሻል። ቶሎ አትመልሺ። ደሴ የመንገድ ከተማ ናት። ከትግራይም፣ ከጎንደርም፣ ከሸዋም፣ ከባቲ ገበያም ዕቃ ይወጣባታል፣ ሙሽራም ይገባባታል። ከአንገት ተነስቶ በደረት ላይ ወርዶ በመስቀል የሚያልቅ ጥልፍ በብዙ የሰሜን አካባቢ አለ። ትግራይ ውስጥ ረጅሙ የቀሚስ ጥልፍ እስከ ታች ይወርዳል፤ አሁን አብዛኛው በማሽን ይሠራል። መስቀል ካለው የክርስቲያን ቤት ሥራ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ከሌለው ግን የእስላም ነው ማለት አይደለም። በወሎ ደግሞ አንዱ ወንድም ሐጂ፣ ሌላው ቄስ በሆነበት ቤት ቀሚስ በውርስ ማን ጋ እንደሚደርስ ታውቂዋለሽ።

ወሎን በጥልፍ ታሪክ ስሟን የሚያስነሳት ግን መቅደላ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲያጠፉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ከተወሰደው መካከል የባለቤታቸው የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ ነበረበት። ነጭ ጥጥ ነው፤ በቀለማም ሐር የተጠለፈ። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በመንገድ ታመው አረፉ። ቀሚሱ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2018፣ መቅደላ በተዘረፈች በ150ኛው ዓመት፣ ከሌሎቹ የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለእይታ አውጥተውት ነበር። ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር አለ፤ የእኔ አቋም ይመለስ ነው። ለአንቺ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ በዚያ ዘመን የነበረው የሐር ክር ከውጭ የሚገባ፣ ውድ ነገር ነበር። ስለዚህ ጥልፍ አንገት፣ ደረት፣ እጅጌ ጫፍ ላይ ይውላል፤ ሰው በሚያይበት ቦታ። የአያትሽ ቀሚስ ጥልፉ ያረፈበት ቦታም ያው ነው። አቀማመጡ በቤተ መንግሥቱም በገበሬውም ቤት አንድ ሆኖ ወርዷል።

አሁን እጥበቱ። ባታጥቢው ይሻላል።

አንገቱ ላይ ያለው ቢጫ ቅቤ ሳይሆን አይቀርም። ፀጉር ሲቀባ አንገት ላይ ይወርዳል፤ ዓመታት ሲያልፍ ጨርቁ ውስጥ ይጋገራል። ትኩስ ቅባት ይለቃል፤ ያረጀው ግን በረኪና ብታፈሺበትም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጨርቁ ነው የሚለቀው። ያ ቢጫ የአያትሽ ነው፤ ተይላቸው።

የግድ ካልሽ መጀመሪያ ቀለሙን ፈትኚ። ነጭ ጥጥ በውሃ አርጥበሽ በእያንዳንዱ ቀለም ላይ፣ በጀርባ በኩል፣ ለጥቂት ደቂቃ ተጭነሽ ያዢ። ቀዩን በተለይ። ጥጡ ትንሽ እንኳ ቀለም ከያዘ ውሃ የሚባል ነገር አይንካው። ሁሉም ቀለም ካለፈ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አንጥፈሽ፣ ቀሚሱን በላዩ አጋድመሽ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ተጠቀሚ። አትሺው፣ አትጭመቂው። ውሃውን ደጋግመሽ ቀይሪ። ስታወጪው ከታች ያነጠፍሽውን ጨርቅ ይዘሽ አንሺ፤ እርጥብ ፈትል የራሱ ክብደት ይቀደዋል። ገመድ ላይ አትስቀዪው። ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ይድረቅ።

እናቶች «እንዶድ አድርጊበት» ይሉሻል። እውነታቸውን ነው፤ ነጭ ፈትል ለስንት ዘመን በእንዶድ ነው የታጠበው። (ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ልብስ በእንዶድ የታጠበበት ውሃ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን የቢልሃርዚያን ነገር ማጥናት የጀመሩት።) ለዚህ ቀሚስ ግን አልመክርም፤ የተወቀጠው ፍሬ ቅንጣቱ ጥልፉ ሥር ከገባ አይወጣም። ማጠኑንም ይቅር በይው። ወሎዬ ሆኜ ይህን ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ጭሱ ክሩ ላይ ይቀመጣል።

አቀማመጡ ከእጥበቱ ይበልጣል። ፌስታል ውስጥ አይግባ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የነሐሴ ጉም ቤት ድረስ ይገባል፤ በፌስታል የታፈነ ጨርቅ ይሻግታል። አቡጀዲ ግዢና ሁለት ሦስቴ አጥበሽ ስታርቹን አስወጪ፤ ስታርች ተባይ ይጠራል። በእሱ ጠቅልይው። እጥፋቱ ሁሌ በአንድ ቦታ አይሁን፤ ጥልፍ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ብትጠቀልይው ከማጠፍ ይሻላል። ጥቅምት ላይ አውጥተሽ አናፍሺው፤ ፀሐይ ላይ ግን አይደለም።

የተፈታውን ክር አትቁረጪ። በቦታው መልሰሽ አስተኚውና ከእሱ በቀጠነ ተመሳሳይ ቀለም ክር፣ በቀጭን መርፌ፣ በላዩ እየተሻገርሽ እዚህም እዚያም ያዢው። የቄስ ካባና ድባብ (የቤተ ክርስቲያን ጥላ) የሚሠሩት በከፋይ ጨርቅ ላይ የወርቅ ክር የሚይዙት በዚሁ መንገድ ነው። የወርቅ ክር በጨርቁ ውስጥ ቢመላለስ ልባሱ ይፋቃል፤ ስለዚህ ከላይ ይጋደምና በሌላ ቀጭን ክር ይታሰራል። ጨርቁ ራሱ የሳሳበት ቦታ ካለ ከጀርባው የታጠበ አቡጀዲ አስደግፊ። ሙጫ በጭራሽ!

ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ጥያቄሽ ይወስደናል። የሚችል ሰው አለ ወይ? አለ። ብዙ ሰው «ሙያው ሞቷል» የሚለው የሚፈልገው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ነው፤ የባህል ልብስ ሱቅ ሄዶ ይጠይቃል፣ እዚያ ኮምፒውተር ያገኛል፣ ይመለሳል። እኔ ብሆን ሦስት ቦታ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው ንዋየ ቅድሳት የሚሠሩት ጋ ነው። ካባ፣ መጋረጃ፣ የታቦት ጥላ የሚጠልፉ ሰዎች። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመናና ስፌት የወንድ ሆኖ ነው የኖረው። ለግሸን ማርያም፣ ለመስከረም 21፣ ሥራ ስለሚበዛባቸው በክረምቱ መጨረሻ አትሂጂባቸው። በወርቅ ክር የሚሠራ እጅ የአያትሽን ክር መያዝ አያቅተውም። ሁለተኛው ለሶላት የሚደረገውን ኮፍያ በእጅ የሚጠልፉት ናቸው። ሥራው ደቃቅ ነው፤ ዓይን ይፈጃል፤ ሲገለበጥ ጀርባው ከፊቱ እምብዛም አይለይም። እነዚህን ሰዎች ካገኘሻቸው አትልቀቂያቸው። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ነው። ዳንቴል በኪሮሽ የሚሠሩ፣ የትራስ ልብስ የሚጠልፉ፣ ድሮ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የተማሩ እናቶች። እነሱ ራሳቸውን «ባለሙያ» አይሉም፤ ቡና እየጠጡ ነው የሚሠሩት። ሠፈርሽ ውስጥ ለሠርግ የትራስ ልብስ ማን እንደምትሠራ ጠይቂ። በሁለት ቤት ውስጥ ታገኛለሽ።

ኮምቦልቻ ብትወርጂም ሌላ ዓይነት እጅ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስፌት የሠለጠኑ ወጣቶች አሉ። እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ አንድ ኪስ ብቻ ስትሰፋ የዋለች ልጅ ጥልፍ ታውቃለች ማለት አይደለም። ግን ክር መወጠር፣ ጨርቅ ማወቅ፣ ስህተት ቶሎ ማየት ታውቃለች። ለመማር ጓደኛ ከፈለግሽ ከእነሱ የተሻለ የለም፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሌላ ሀገር ሙያው የተረፈው እንዴት ነው ብትዪ፣ የፍልስጤም ሴቶችን እይ። ድሮ ቀሚሳቸው ላይ ያለው ጥልፍ የየትኛው መንደር ሴት እንደሆነች ይናገር ነበር። ከ1948 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ብዙዎቹ መንደሮች ባዶ ሆኑ። ሴቶቹ በስደት ካምፕ ተቀምጠው ያንኑ ጥልፍ ቀጠሉ፤ ለልጅ አስተማሩ፣ ለገበያም አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። መዝገቡ የመጣው በመጨረሻ ነው። ሥራውን ያቆየው ግን የሚጠልፉት፣ የሚገዙትና የሚለብሱት ናቸው። እኛ ጋ ወደ ሐረር ብትሄጂም ተመሳሳይ ነገር ታያለሽ፤ የሐረሪ ሴት ገናፊ (ሱሪ) ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው ጥልፍ እስካሁን ያለው ሙሽራ ስለምትለብሰው ነው።

ስለዚህ ቀሚሱን ከማሳደስ ይልቅ ቅጂውን አሠሪ። እኔ የምለው ይህንን ነው። ዋናው ይቀመጥ፤ ከእሱ አዲስ ይሠራ። ፊቱንም ጀርባውንም ከአጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺ። ጥልፉን በካርቦን ወረቀት ከዋናው ላይ ለመገልበጥ እንዳትሞክሪ፤ ቀለሙ ይይዘዋል፣ የእርሳሱ ጫና ክር ይበጥሳል። ከፎቶው ላይ ሳዪው። አያትሽን የሚያውቁ አሮጊቶች ካሉ ቀሚሱን አሳዪያቸውና ድምፃቸውን ቅጂ፦ ማን ጠለፈው፣ ለየትኛው በዓል፣ ክሩ ከየት ተገዛ። በ2014ቱ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ስንት ሳጥን እንደተከፈተ ለአንቺ አልነግርሽም። ይህኛው ተርፏል፤ ታሪኩም አብሮት ይትረፍ። የምታገኚውን ስምና ዓመት በነጭ የጥጥ ሪባን ላይ በክር ጻፊና ከውስጥ በኩል ስፊው። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ይፈሳል።

መማሩን በትንሽ ጀምሪ። አቡጀዲ፣ ማወጠሪያ፣ የጥጥ ክር። መጀመሪያ ሰንሰለቱን ብቻ። አንድ ጣት የሚያህል ቅጠል ዳሩን በሰንሰለት ከብበሽ ውስጡን ክር ከክር አጠገብ እያስተኛሽ ሙዪው። ክርሽ ከክንድሽ አይርዘም፤ ከረዘመ ይጠማዘዛል፣ ይነትባል። ስትጨርሺ ገልብጪና የራስሽን ጀርባ ከአያትሽ ቀሚስ ጀርባ ጋር አስተያዪው። እዚያ ነው የምትማሪው።

ቅጂውን ለሰው የምታሠሪ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን በቁራጭ አትነጋገሪ። «ቀሚሱ በስንት?» ስትዪው ጠላፊው ለመትረፍ ሲል ስፌቱን ያሰፋዋል። ይልቁንም አንድ አበባ አሠሪው፣ የፈጀበትን ሰዓት ተስማሙ፣ በዚያ አስሉት። ውድ ይሆናል። በእጅ የተጠለፈ ቀሚስ ከኮምፒውተሩ እኩል ዋጋ ከተጠራልሽ ወይ ሰውየው እየተጎዳ ነው፣ ወይ የእጅ አይደለም። ገንዘቡ ካልበቃሽ ሙሉውን አታሠሪ፤ አንገቱን ብቻ ጀምሩ፣ እጅጌው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።